ሲግናሉ ሙሉ ነው አትበሉኝ

ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከነገሌ ቦረና እስከ ፊልቱ፣ ስለ ኔትወርክ የሚነሳ ወሬ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ስለዚህ ይጠንክር። ነጋዴው ቡስተር ያስመጣል። የውሃ ፕሮጀክቱ መሐንዲስ የአንቴናውን ምሰሶ ሁለት ሜትር ያስረዝማል። ጨረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት «ከፍተኛ ኃይል ያለው» የምትል ሐረግ ጣል ያደርጋል። ተቀባዩን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ምን እየሰማ ነው? ከሰማውስ የቱን እየለየ ነው? ይህን ጥያቄ በርክክብ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ በቆላ ከተሞቻችን በአነስተኛ ኃይል የሚሠሩ ሬዲዮዎች፣ የታንከር ውሃ ልክ የሚነግሩት፣ የፓምፕ ማብሪያና ማጥፊያዎቹ፣ የዝናብ መለኪያዎቹ፣ የሚበላሹት ባብዛኛው ሲግናል አንሷቸው አይደለም። ከሲግናሉ ጋር አብሮ የገባውን ጫጫታ መለየት አቅቷቸው ነው። ይባስ ብሎ ጥንካሬ ነው ብለን የምናነበው ቁጥር በሽታውን ይደብቀዋል። አንዳንዴም በሽታውን ጤና አስመስሎ ያሳየናል።

በምህጻሩ አርኤስኤስአይ የሚባለው ይህ ቁጥር በተቀባዩ ማጣሪያ በኩል ያለፈው ኃይል ድምር ነው። ከዚያ የዘለለ ትርጉም የለውም። ማጣሪያውን እንደ ወንፊት ብናየው፣ ሰፊ ወንፊት ጤፉንም አሸዋውንም ያሳልፋል፤ ሚዛኑ ከበደ ብሎ እህሌ በረከተ የሚል ገበሬ ግን የለም። ሬዲዮ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እንዲያ እንላለን። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስ ይለናል፤ ከፍ ያደረገው የእኛ መልእክት ይሁን የጎረቤት ኢንቨርተር አንጠይቅም።

ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ በየከተማው አለ፤ ዲሽ ሠሪው። የአገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት ላይ ወደሚሠራው የስርጭት መድረክ፣ ሲሸጋገሩ ወደ ናይልሳት አቅጣጫ ያፈጠጠው ዲሽ ሁሉ መዞር ነበረበት፤ የነገሌ ጣሪያዎችም ከዚህ አልተረፉም። በሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዷ ስትሬንግዝ፣ ሌላዋ ኳሊቲ። ጣሪያ ላይ ያለው ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ለቆመው ጓደኛው የሚጮኸው «ኳሊቲ ስንት ደረሰ?» ብሎ ነው። ስለ ስትሬንግዟ የሚጠይቅ ዲሽ ሠሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ምክንያቱም ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ቢዞር እንኳ ዲሹ ፊት ላይ ያለው መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ የራሱን ጫጫታ ከ50 ዴሲቤል በላይ አጉልቶ በኬብሉ ያወርደዋልና ስትሬንግዟ ዝም ብላ ሞልታ ትቆማለች። ልጁ የሚፈልገው የተለየውን ነው፤ ሲግናሉ ከጫጫታው በምን ያህል እንደሚበልጥ የምትነግረውን መስመር። የጨረታ ሰነድ የሚጽፈው መሐንዲስ ከዚህ ልጅ ያነሰ ያውቃል ብዬ አላምንም። ሲጽፍ ግን ያነሰውን ይጽፋል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የጉድጓድ ውሃ ተቋማት ባንዱ ነው። ጉድጓዱና የፓምፑ ቤት ቆላው ላይ ናቸው፤ ታንከሩ ኮረብታው ላይ። ታንከሩ ጫፍ ላይ በ433 ሜጋኸርዝ የምትሠራ፣ ከ10 ሚሊዋት የማትበልጥ ኃይል ያላት ሞጁል አለች፤ የውሃውን ልክ በየደቂቃዎቹ ትናገራለች። ታች ያለው ተቀባይ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል። ፓምፑ በሶላር ነው የሚሠራው፤ ከፓነሎቹ የሚመጣውን ኃይል ለሞተሩ የሚያስተካክል ኢንቨርተር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሌሊትና ማለዳ ሁሉም ሰላም ነው። ፀሐይዋ በርታ ስትል መልእክቱ ይጠፋል፤ ፓምፑ ማቆሚያውን አያውቅም፤ ውሃው ከታንከሩ ሞልቶ ኮረብታውን ይወርዳል። ሰው ለጄሪካን ውሃ ተሰልፎ በሚውልበት አገር።

የፓምፑ ኦፕሬተር ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል። ለመጣው ቴክኒሻን «ልጄ፣ ፓምፑ ሲነሳ ነው የሚጠፋው» አሉት። እሱም ላፕቶፑን ዞር አድርጎ አሳያቸው፤ «ኦቦ፣ ሲግናሉ እኮ ጭራሽ ጨምሯል! ይኸው ይዩት፣ ጠዋት ነጋቲቭ 95 ነበር፣ አሁን ነጋቲቭ 90 ገብቷል»። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የሰጡት ትርጉም ነው የዋሸው። ጠዋት የነበረው ነጋቲቭ 95 ከታንከሩ የመጣው መልእክት ነው። እኩለ ቀን ላይ የታየው ነጋቲቭ 90 መልእክት አልነበረም፤ የኢንቨርተሩ ጫጫታ ነው። ኢንቨርተሩ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየቆረጠ እየቀጠለ ሲሠራ፣ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ረጅም ኬብል ሳያስበው አንቴና ሆኖ ጫጫታውን ይረጨዋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ መልእክት ይምጣ አይምጣ ሳይለይ የመጨረሻውን ንባብ ያሳያል። ኦቦ ያለ ምንም መሣሪያ የደረሱበትን ላፕቶፑ ደበቀው።

ከዚያ የተደረገው ነገር በጥንካሬ ላይ ያለንን እምነት ጥልቀት ያሳያል። መጀመሪያ የተቀባዩ አንቴና ምሰሶ ተራዘመ። ምንም አልተለወጠም፤ ኬብሉ አሁንም ኢንቨርተሩን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ቀጥሎ ታንከሩ ላይ ባለ አንድ ዋት ሞጁል ተተከለ። ይህኛው ሠርቷል፣ አልክድም፤ ከ10 ሚሊዋት ወደ አንድ ዋት መቶ እጥፍ፣ ማለትም 20 ዴሲቤል ነው፤ የኢንቨርተሩን ጫጫታ በጉልበት ጥሶ አልፏል። ታንከሩ ላይ የነበሩት ትንሽ ሶላርና ባትሪ ግን ለዚህ ጉልበት አልተሠሩም። «ጋና» በሚባለው የቦረና ዝናብ ወቅት ሰማዩ ለቀናት ሲዳምን ባትሪው አለቀ፤ ችግሩ ከቀን ወደ ቀንና ሌሊት ተሸጋገረ። መጨረሻ ላይ የሠራው መላ ርካሽ ነበር፤ የተቀባዩን አንቴና ከፓምፑ ቤት ማራቅ፣ የመልእክቱን ፍጥነት መቀነስ፣ የተቀባዩን ማጣሪያ ማጥበብ። አሮጌዋ ባለ 10 ሚሊዋት ሞጁል ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ነገሌ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከማንም ከተማ በላይ ታውቃለች። በጥር 1966 የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት በምግባቸው መጥፎነትና በውሃ ጉዳይ ነው፤ ፓምፓቸው ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሏቸው። ሊያረጋጉ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የዚያን ዓመት አብዮት ታሪክ የሚያነብ ሰው ከዚህች ከተማ ነው የሚጀምረው። ይህን ያነሳሁት የታንከር ሞጁል አብዮት ያስነሳል ለማለት አይደለም፤ የውሃ ነገር እዚህ እንደ ትርፍ ነገር አይታይም ለማለት ነው።

ወደ ማጣሪያው ልመለስ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ማንኛውም ሙቀት ያለው ነገር የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል። በተራ የአየር ሙቀት የዚህ ጫጫታ ልክ በአንድ ኸርዝ ስፋት ነጋቲቭ 174 ዲቢኤም ነው። ዲቢኤም ከአንድ ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ነው፤ በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይለወጣል። እንግዲህ ማጣሪያው በሰፋ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚገባው ጫጫታ ይበዛል፤ ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ጫጫታው 3 ዴሲቤል ይጨምራል። ሲሲ1101 የምትባለውን፣ በርካሽ ሞጁሎች ውስጥ የምትገኘውን ቺፕ እንውሰድ። የማጣሪያዋ ስፋት ከ812 ኪሎኸርዝ እስከ 58 ኪሎኸርዝ ሊስተካከል ይችላል። በ14 እጥፍ ማጥበብ ማለት ነው፤ ጫጫታውን ከ11 ዴሲቤል በላይ ይቀንሰዋል። የማሰራጫውን ኃይል 14 ጊዜ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው፤ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ባትሪ ሳይነካ፣ ሁለት የቁጥር መስመር በመቀየር ብቻ። የአምራቹ ሰነድ ራሱ ልዩነቱን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ በ868 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ስትሠራ መስማት የምትችለው እስከ ነጋቲቭ 95 ዲቢኤም ነው፤ በሰከንድ 1200 ቢት ስትሠራ ግን እስከ ነጋቲቭ 112። 17 ዴሲቤል፣ በኃይል ሲሰላ 50 እጥፍ። የታንከር ልክ ስንት ቢት ነው? ሁለት ፊደል የማትሞላ ቁጥር። ሁለት ፊደል ለመላክ የፊልም ማውረጃ ፍጥነት የሚመርጥ መሐንዲስ ምን ቸኩሎ እንደሆነ አይገባኝም።

ታዲያ ለምን አያጠብቡትም? ሞጁሉ ከፋብሪካ ወይም ከናሙና ኮድ ይዞት የመጣው ልክ አለ፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ክብር ይገባዋል፤ ማጥበብ ዋጋ አለው። ርካሽ ሞጁሎች ፍሪኩዌንሲያቸውን የሚይዙት በክሪስታል ነው፤ ክሪስታሉ ከትክክለኛው ልክ በሚሊዮን 20 ሊያዛንፍ ይችላል። በ868 ሜጋኸርዝ ይህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከ17 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። ላኪውና ተቀባዩ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዛነፉ በመካከላቸው ወደ 35 ኪሎኸርዝ ርቀት ይፈጠራል። ባለ 58 ኪሎኸርዝ ማጣሪያ ከመሐሉ ወደ አንድ ጎን 29 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሲግናሉ ከማጣሪያው ውጭ ወደቀ ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት አለ። በቀትር ቆርቆሮ ታንከር ላይ በተሰቀለ ሳጥን ውስጥ ያለ ክሪስታል ከሌሊቱ ልኩ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ የጥንካሬው ቁጥር ይወርዳል፤ ምሰሶ የሚያስረዝመው ሰውም ምሰሶውን ያስረዝማል። አንቴናው ግን ምንም አልሆነም። መድኃኒቱ የተሻለ ክሪስታል፣ ወይም ልዩነቱን እየተከታተለ ራሱን የሚያስተካክል ተቀባይ፣ ወይም በ868 ፈንታ በ433 መሥራት ነው፤ በ433 መዛነፉ በግማሽ ይቀንሳልና። እንግዲህ ለነዶሎ ኦዶ ሙቀት የሚመጥን ዕቃ ስትገዙ ስለ ክሪስታሉ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ጠይቁ።

ቁጥሩ በሌላ አቅጣጫም ያታልላል። ኮረብታ የሚፈልገው የውሃ ታንከር ብቻ አይደለም፤ የሞባይል ማማውም ይፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ናቸው። የቺፑ የጥንካሬ ንባብ የሚወሰደው ከውስጠኛው ማጣሪያ በኋላ ስለሆነ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚጮኸውን የማማውን ጉልበት አያየውም። የመጀመሪያው ማጉያ ግን ከማጣሪያው በፊት ነው ያለው፤ በማማው ጉልበት ተደፍቆ ደካማውን መልእክት ማጉላት ያቅተዋል። ስክሪኑ ላይ ጫጫታ አይታይም፣ መልእክቱ ግን የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ከማጉያው በፊት፣ አንቴናው ሥር የሚገባ ሌላ ማጣሪያ ነው። ቡስተር እዚህ ቦታ ማስገባት በሽታውን ማባባስ ነው።

ስልኩ ላይም ያው ነው። ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያና የኬንያ ሲም በአንድ ስልክ የያዘ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ሁለቱን የሲግናል ባሮች ጎን ለጎን አይቶ የትኛው «ጠንካራ» እንደሆነ ይፈርዳል። አንዱ በሦስተኛው ትውልድ፣ ሌላው በአራተኛው ትውልድ ከሆነ ፍርዱ ከንቱ ነው። አራተኛው ትውልድ የሚያሳየው ቁጥር የአንዲት 15 ኪሎኸርዝ ስፋት ያላት ንዑስ ሞገድ ኃይል ነው፤ በሦስተኛው ትውልድ ግን መለኪያው ወደ 4 ሜጋኸርዝ ገደማ ስፋት ያለውን ይይዛል። በ20 ሜጋኸርዝ የአራተኛ ትውልድ ቻናል ውስጥ እንዲህ ያሉ ንዑስ ሞገዶች 1200 ናቸው፤ አንዷን መለካትና ሁሉንም መለካት የ31 ዴሲቤል ልዩነት አለው። ሰውየው ዝቅ ያለ ቁጥር አይቶ ደካማ ነው ይላል፤ የተለካው ግን አንድ አይነት ነገር አልነበረም። ባሮቹስ? አምራቹ እንደፈቀደ የሚስላቸው ናቸው። በሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. አፕል በአይፎን 4 የሲግናል ቅሬታ ሲጨናነቅ ባር የሚያሰላበት ቀመር ፍጹም የተሳሳተ እንደነበርና በብዙ ሁኔታ ሁለት ባር አብዝቶ ያሳይ እንደነበር በደብዳቤ አምኗል። ዓለም የሚያከብረው ድርጅት ይህን ካለ፣ እኛ በሁለት ባር ምን ያህል እንደምንጣላ አስቡት።

የድሮ ሬዲዮ አድማጮች ይህ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። በ2002 ዓ.ም. የቪኦኤ አማርኛ ስርጭት ሲታፈን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያለው ሁሉ አይቷል፤ መብራቷ ሙሉ፣ ድምፁ ጉርምርምታ። ጥንካሬ ሞልቶ ተርፎ ነበር። የሚሰማ ፈልጎ ቁልፉን በጥቂቱ ወደ ጎን የሚያዞር፣ ሰፊና ጠባብ የምትል ማብሪያ ካለችውም ወደ ጠባቡ የሚመልስ አድማጭ ስሙን ሳያውቀው ማጣሪያ እያስተካከለ ነበር። በቆላው መንገድ የሚሮጡት የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮች ላይ የሚታዩት ረጃጅም አንቴናዎችም ያንኑ ይመሰክራሉ። ከእንዲህ ያሉ አንቴናዎች ጋር የሚገጠመው የኮዳን ሬዲዮ ድምፅ ማጉያውን የሚከፍተው ኃይል ስለመጣ አይደለም፤ የሰው ንግግር የሚመስል ነገር ሲሰማ ነው። መብረቅ በሚበዛበት ሰማይ ሥር በጥንካሬ የሚከፈት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውል ነበር።

ተቃዋሚዎቼ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። በሩቁ መንደር ሲግናል በእርግጥ የለም፤ ማማ ያስፈልጋል፤ ስለ ማጣሪያ ማውራት የከተማ ቅንጦት ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ኤል ሶድ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ጨው የሚያወጣ ሰው ስልኩ የማይሠራው በማጣሪያ ጉድለት አይደለም፤ ዙሪያውን የከበበው ገደል ነው። ማማ በሌለበት ማማ ይተከል። ነገር ግን «ደካማ ሲግናል የማይሰማ ሲግናል ነው» የሚለውን ሐሳብ በኪሳቸው ያለው ስልክ ያፈርሰዋል። የጂፒኤስ ሲግናል ምድር ሲደርስ ወደ ነጋቲቭ 130 ዲቢኤም ገደማ ነው፤ በራሱ የፍሪኩዌንሲ ስፋት ውስጥ ካለው ጫጫታ ወደ 20 ዴሲቤል፣ ማለትም መቶ እጥፍ ያህል ያንሳል። ሆኖም ከያቤሎ ወጣ ብሎ ዛፍ ሥር የተቀመጠ እረኛ ስልኩን ቢያወጣ የት እንዳለ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግረዋል። የቦረና ከብቶች አንገት ላይ ለጥናት የታሰሩት የጂፒኤስ ቀበቶዎችም ላሟ ከየትኛው ኤላ፣ ማለትም የውሃ ጉድጓድ፣ ወደ የትኛው ግጦሽ እንደሄደች የመዘገቡት በዚሁ ከጫጫታ በታች ባለ ሲግናል ነው። ተቀባዩ የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው የሚያገኘው። ሎራ የሚባለውም አሠራር በዚሁ ዘዴ ከጫጫታው እስከ 20 ዴሲቤል በታች ያለ መልእክት ያነባል። በሎራ ላይ የጥንካሬ ቁጥር ብቻ አይቶ «ደካማ ነው» ብሎ ኃይል የሚጨምር ሰው የገዛው ዕቃ ለምን እንደተሠራ አልገባውም።

ሌላው ክርክር የበለጠ ያናድደኛል፤ «ባለሙያ የለንም፣ ጥንካሬ ግን ማንም ያነበዋል» የሚለው። ባለሙያው አለ፤ ጣሪያ ላይ ቆሞ ኳሊቲ እያለ ይጮሃል። ኦቦም ነበሩ፤ ፓምፑ ሲነሳ ነው ብለው ነበር። የጎደለው እነዚህን የሚያዳምጥ የርክክብ ሥርዓት ነው። ያ የውሃ ተቋም ሲመረቅ ርክክቡ የተፈጸመው ጠዋት፣ ፓምፑ ሳይነሳ፣ የጥንካሬውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ ነው። ሰነዱ ላይ «ሲግናል፡ በጣም ጥሩ» ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማው ትክክል ነበር፤ በዚያች ሰዓት።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ 1148/2011 ሲቋቋም የሬዲዮ ዕቃዎችን የመፈተሽና የመፍቀድ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ፍተሻው በዋናነት ስለ ማሰራጫው ነው፤ ሌላውን እንዳይረብሽ። ይህ ተገቢ ነው። የተቀባዩ ነገር ግን የገዢው ኃላፊነት ነው፤ ገዢው ደግሞ የዞን ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም ድርጅት ነው፤ እሱም ሰነዱን ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጦ ይጽፋል። ከዚያ ሰነድ ውስጥ «ከፍተኛ ኃይል» የምትለዋ ትውጣ። በቦታዋ ተቋራጩ ሦስት ነገር ያሳይ፤ ፓምፑ በሙሉ አቅሙ እየሠራ፣ በቀትር፣ መልእክት በማይላክበት ቅጽበት ተቀባዩ የሚያነበውን ቁጥር፤ መልእክት ሲመጣ የሚያነበውን ቁጥር፤ እና በ24 ሰዓት ከተላኩት መልእክቶች ስንቱ እንደደረሱ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ልዩነት ነው ኳሊቲው። ይህን ለመለካት የሚገዛ ዕቃ የለም፤ እዚያው ያለችው ቺፕ ሁለቱንም ታነባለች። ተቋራጩ ወጪ ይጨምራል ካለ የሚጨምረው የአንድ ቀን አበልና አንድ ሌሊት ነገሌ ማደር ነው።